ማርሽ ቀያሪው ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ውድድር ይካሄድ ነበር። ሃያ አምስቱ ዙር ሊያልቅ ሲቃረብ ግንባሩን ይዘው የቀሩት ሦስት ኢትዮጵያውያንና ሁለት ፊንላንዳውያን ነበሩ። ከሦስቱ ኢትዮጵያውያን አንዱ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጸጉሩም ከፊት የሸሸ ሰው ነው። ይህ ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ፣ ለመጨረስ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው በድንገት ተፈተለከ። የተከተሉት ሁሉ የቻሉትን ያህል ቢሞክሩም ሊደርሱበት አልቻሉም። በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ይህ ሰው ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ የሰየመው የአየር ኃይሉ ሯጭ ምሩጽ ይፍጠር ነው።

ስሙ በእርግጥም ተስማሚ ነው። በአገራችን ጠመዝማዛ ዳገቶች ላይ ከባድ መኪና የነዳ ወታደር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማርሹን ያለጊዜው የለወጠ ነጂ ሞተሩን ያስጨንቃል፤ ዘግይቶ የለወጠም ዳገቱ መሐል ይቆማል። ዋናው ጥበብ የሚለወጥበትን ቅጽበት ማወቁ ላይ ነው። ምሩጽ ግን ይህን ጥበብ ይዞት አልተወለደም። አንድ ጊዜ ቀድሞ፣ አንድ ጊዜ ዘግይቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዓለም ፊት ከተሸነፈ በኋላ የተማረው ነው። በዚህ ጽሑፋችን ልናስታውስ የፈለግነውም ድሉን ብቻ ሳይሆን ወደ ድሉ የወሰደውን ይህን ረጅም መንገድ ነው።

ምሩጽ የተወለደው በ1936 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓዲግራት አካባቢ ነው። በወጣትነቱ በፋብሪካዎች በሠራተኛነት፣ እንዲሁም በጋሪ ነጂነት እየሠራ ኑሮውን ይገፋ ነበር። የሩጫ ችሎታው ጎልቶ የታየው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ባልደረባ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያን ዘመን የአበበ ቢቂላና የማሞ ወልዴ ስም በሠራዊቱ ውስጥ እንደ ባንዲራ ከፍ ብሎ የሚውለበለብ ስለ ነበረ፣ ከጦር ክፍሎች መካከል ሯጭ መፈለግና ማሠልጠን የተለመደ ነበር። ምሩጽም ከዚያ ሰልፍ ወጥቶ በአሠልጣኙ በንጉሤ ሮባ ከሚመራው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠው በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና በምትገኘው ደራም ከተማ ነው። የአፍሪካና የአሜሪካ አትሌቶች በተጋጠሙበት በዚያ ውድድር፣ በ5,000 ሜትር ከአሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲሮጡ ምሩጽ በኃይል አፈትልኮ ወጣ፤ መስመሩንም ቀድሞ አልፎ ቆመ። ዳሩ ግን ውድድሩ አላለቀም፤ አንድ ሙሉ ዙር ይቀር ነበር። ዙሩን ተሳስቶ ቆጥሯል! ድሉ የፕሪፎንቴን ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ጉልበቱን ሁሉ ያለሰዓቱ አፈሰሰው። ይሁን እንጂ ሰውዬው በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ አልቀረም፤ በማግስቱ በ10,000 ሜትር ተሰልፎ ስመ ጥሩውን ፍራንክ ሾርተርን ቀደመ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የባሰ መራራ ነበር። በነሐሴ ወር 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ተሰልፎ፣ ወድቆ ተነሥቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሰበረው ከፊንላንዳዊው ላሴ ቪረንና ከቤልጅጉ ኤሚየል ፑትማንስ ቀጥሎ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ተስፋው ሁሉ በ5,000 ሜትር ላይ ነበር። የማጣሪያው ተኩስ በተተኮሰበት ሰዓት ግን ምሩጽ ከመነሻው መስመር ላይ አልነበረም። ዘግይቶ ደረሰ፤ በሩም ተዘግቶበት ቀረ። ለምን እንደዘገየ የተነገረው ወሬ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ቆይቶ ነው ሲል፣ ሌላው የሚገባበት በር ጠፍቶበት ነው ይላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ አንድ ነው፤ ለዓመታት የተለማመደ ሰው አንድ እርምጃ እንኳ ሳይሮጥ ተሸነፈ።

በጦር አካዳሚ ሳለን ደጋግመን ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ ከተወሰነለት ሰዓት ቀድሞ የተነሣም ሆነ ዘግይቶ የተነሣ ክፍል እኩል ለጉዳት የተጋለጠ መሆኑን ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። የምሩጽን ታሪክ ያስታወሰ ግን ይህ ትምህርት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ይረዳል።

ከሙኒክ በኋላ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በጥር ወር 1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር አገኘ። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ ግን፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ወዳለበት አገር ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ኢትዮጵያ ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከውድድሩ ቀረች። የአፓርታይድን ግፍ መቃወም ተገቢ መሆኑ አያጠያይቅም። ለሯጩ ግን ሌላ አራት ዓመት ማለት ነበር። በዚያ ኦሊምፒክ ሁለቱንም ርቀት ያሸነፈው ላሴ ቪረን ነው።

ምሩጽ ልምምዱን አላቋረጠም። በ1969 ዓ.ም. በዱሰልዶርፍ፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትሪያል በተካሄዱት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች አፍሪካን ወክሎ ተሰልፎ፣ በሁለቱም ጊዜ 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ። በዚህ ጊዜ የውጭ ጋዜጠኞች ከሩጫው ይልቅ በዕድሜው ጉዳይ ይጨነቁ ጀመር። እሱም ሰው ዶሮውንና በጉን ሊሰርቀው ቢችልም ዕድሜውን ግን ሊሰርቀው እንደማይችል በቀልድ መመለሱ በሰፊው ተወርቷል።

እንግዲህ ሞስኮ የደረሰው ስምንት ዓመት ጠብቆ ነው። በ10,000 ሜትር ብቻውን አልነበረም፤ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ነበሩ። ሦስቱ ፍጥነቱን እየተፈራረቁ ከፍ ዝቅ በማድረግ ተቀናቃኞቻቸውን አደከሙ። ምሩጽ ወርቁን ሲወስድ ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25 ቀን፣ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሆነ። በመጨረሻው ዙር ምሩጽ በሯጮች መካከል ታጥሮ ነበር። በዚህ ጊዜ ከፊቱ የነበረው መሐመድ ከድር ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መንገድ እንደለቀቀለት ውድድሩን የተከታተሉ ጽፈዋል። በዚያች ክፍተት ማርሹ ተቀየረ። ምሩጽ በ13 ደቂቃ ከ20.9 ሰከንድ ሲገባ፣ ታንዛኒያዊው ሱሌማን ኒያምቡዪ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ ወጡ። መሐመድ በዚያ ቀን ከሜዳሊያ ውጭ ሆነ። የድሉ ዜና በተነገረ ቁጥር የዚህ ጓደኛ ስም አብሮ ሊነሣ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ምሩጽ ማጣሪያውን ጨምሮ አሥር ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 35 ኪሎ ሜትር የውድድር ሩጫ ሮጧል። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም ሆነ። እርግጥ ነው፣ ብዙ አገሮች በአፍጋኒስታን ጉዳይ ምክንያት ወደ ሞስኮ አልመጡም፤ የሁለቱም ርቀት ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖም ከቀሩት አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት ድሉን ሊያሳንሱ የሞከሩ አልታጡም። ነገር ግን ባለፉት ሁለት የዓለም ዋንጫዎች አራት ጊዜ ተሰልፎ አራቱንም ጊዜ ያሸነፈን ሰው ድል በዕድል የተገኘ ነው ማለት አይቻልም።

የዚያ ሩጫ ድምፅ በራዲዮ ወደ አገር ቤት ሲሰማ፣ በአርሲ የሚኖር አንድ የሰባት ዓመት ገበሬ ልጅ ያዳምጥ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሯጭ ለመሆን ያነሣሣው የምሩጽ ድል መሆኑን ካደገ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል።

ሻምበል ምሩጽ ከዓመታት በኋላ ወደ ካናዳ ሄዶ በቶሮንቶ ኖረ፤ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዐረፈ። አስከሬኑም ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። ከዚያ በፊት ግን፣ በነሐሴ ወር 2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ የኢትዮጵያን ቡድን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በፊት በፊት የተራመደው እሱ ነበር። ከኋላው ከመጡት ወጣቶች መካከል ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በዚያው ኦሊምፒክ እያንዳንዳቸው 5,000ንም 10,000ንም አሸነፉ።

አንድ ጊዜ ቀድሞ ሮጦ፣ አንድ ጊዜ ዘግይቶ የተሸነፈው ሰው፣ በዚያን ቀን ከመነሻው መስመር ላይ በሰዓቱ ተገኝቶ ለተተኪዎቹ መንገድ መራ።