አዋላጆችን ለማስተማር የመጡት ሐኪሞች

በቀድሞው ዘመን ከአቃቂ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት በእግሩ ለሚሄድ ጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነበረ። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ለሚሄድ ግን፥ ይልቁንም ወንዙ ሞልቶ ጭቃው በበረታበት በክረምት፥ የመንገዱ ነገር ሌላ ነበረ። ስለዚህ የእናትና የልጅ ሕይወት የሚጠበቀው በሐኪም ቤት ሳይሆን በጎረቤት ባልቴት እጅ ነበረ። ባልቴቲቱ ርኅራኄ አልጐደላትም፤ የጐደላት ትምህርት ነበረ።

ይህ አደጋ ድኻና ጌታ የማይለይ መሆኑን የገለጠ ኀዘን በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ደረሰ። በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነትን ሙያ ተምረው የተመለሱት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ በተሠራው፥ በኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በተባለው ሐኪም ቤት የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ስለ ታሰበ፥ ዶክቶር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክቶር ካትሪን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራልያ መጡ። ውላቸው የ3 ዓመት ነበረ።

በሐኪም ቤቱ ደጅ ያገኟቸው ሴቶች ግን ልባቸውን ወደ ሌላ ሥራ ሳቡት። እነዚህ ሴቶች ምጡ ብዙ ቀን የቈየባቸው ናቸው። የሕፃኑ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ሲቈይ በመካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም እንዳይደርሰው ይከለክለዋል፤ የሞተውም ሥጋ ሲወድቅ በፊኛው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቈጣጠር ተስኗት ከባሏና ከጎረቤቷ ትለያለች። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። በጨዋ ቤት የሚነሣ ነገር አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹን ሴቶች በጓዳ ያስቀራቸው ይኸው ዝምታ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን ካስተማረ በኋላ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ ግን ጥገናውን ይዘው ቀሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቈጥሩ፥ ከሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው እያዩ፥ ቀዶ ጥገናውን ለመዱ፤ ኋላም ለሐኪሞች አስተማሪ ሆኑ።

ይሁን እንጂ የሚጠገነው ሁሉ መጀመሪያውኑ ሊደርስ የማይገባው ጉዳት ነበረ። የሠለጠነች አዋላጅ ምጡ አለመግፋቱን በጊዜ ዐውቃ እናቲቱን ወደ ሐኪም ብታሳልፋት ፌስቱላው አይመጣም። ዶክቶር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ዶክቶር ካትሪን ግን ከመጡ 50 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወደ ፊተኛው ሐሳባቸው ተመለሱ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በአዲስ አበባ ዳርቻ በደስታ መንደር የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከገጠር ተመርጠው፥ ሲመረቁ ወደየመጡበት አገር እንዲመለሱ ተደረገ። ይህ እጅግ ብልህ ሥርዓት ይመስለናል፤ ያገሯን ቋንቋና ልማድ የምታውቅ ልጅ በምጥ ላይ ላለች ሴት እንግዳ አትሆንባትምና። ዶክቶር ካትሪን የመጀመሪያዎቹን ምሩቃን ለማየት በቅተው በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ በቤታቸው ዐረፉ።