ፍግ ዋጋ ያወጣበት ገበያ

በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ ከተማ ዙሪያ፣ ፍግ የሚጣል ነገር አይደለም፡፡ ሐውሳዎች «ታኪ» ይሉታል፡፡ ከከተማው ግቢዎች የተጠረገ የበግና የፍየል ፍግ ከአመድና ከጥራጊ ጋር በአህያ እየተጫነ ወደ ማሳ ሲወጣ ትውልድ አልፏል፡፡ ማገዶ ጭና ከተማ የገባች አህያ ባዶዋን አትመለስም ማለት ነው፡፡ ነጋዴ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፡፡

ገበሬው ለጥራጊ ገንዘብ የሚያወጣው ወዶ አይደለም፡፡ ከሴኔጋል እስከ ናይጄሪያ የተዘረጋው የሳቫና አፈር በአብዛኛው አሸዋ የበዛበት ነው፡፡ ያለው ጥቂት ሸክላም ካኦሊናይት የሚባለው፣ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ ደካማ የሆነው ዓይነት ነው፡፡ ስለዚህ ንጥረ ነገሩን ይዞ ለሰብሉ የሚያቆየው በአመዛኙ ብስባሹ ነው፡፡ እሱ ደግሞ አነስተኛ ነው፤ በብዙ ማሳ የካርቦኑ መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው፡፡ ሙቀቱ ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ገለባውን ምስጥ ይበላዋል፡፡ ቀድሞ ማሳውን ለዓመታት ጦም በማሳደር ይተካ ነበር፤ ሕዝቡ ሲበዛና መሬቱ ሲጠብ ይህ በብዙ ስፍራ ቀረ፡፡

«ታዲያ ዩሪያ አለ አይደል?» ይባል ይሆናል፡፡ በናይጄሪያ ሳማሩ ከፈረንጆቹ 1950 ወዲህ፣ በቡርኪና ፋሶ ሳሪያ ደግሞ ከ1960 ጀምሮ የተካሄዱት የረጅም ጊዜ ሙከራዎች ለዚህ መልስ አላቸው፡፡ ፋብሪካ ሠራሹ ማዳበሪያ ብቻውን ሲደጋገም አፈሩ እየኮመጠጠ ሄደ፤ ከፍግ ጋር ሲጣመር ግን ምርቱ የተሻለ ሆነ፡፡

ችግሩ የማጓጓዣ ሒሳብ ነው፡፡ የ50 ኪሎ ዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ በብስክሌትም ይሄዳል፡፡ ለአንድ ሄክታር 5 ቶን ፍግ ይፈለጋል ብንልና አንዷ አህያ 80 ኪሎ ብትጫን፣ 63 ምልልስ ነው! ከከተማ የራቀ ገበሬ ይህን አይሞክረውም፡፡ ለእሱ የሚያዋጣው ከፉላኒ ከብት አርቢ ጋር መዋዋል ነው፤ ከአዝመራ በኋላ ከብቶቹ ማሳው ላይ ያድራሉ፣ አርቢው በእህል ወይም በጥሬ ገንዘብ ይከፈለዋል፡፡ ፍጉ በራሱ እግር መጣ ማለት ነው፡፡

መንግሥታቱ ለረጅም ጊዜ ያሰሉት በከረጢት ነበር፡፡ በ2006 አቡጃ ላይ የማዳበሪያ አጠቃቀም በሄክታር ከ8 ኪሎ ወደ 50 ኪሎ ንጥረ ነገር በ2015 እንዲደርስ ተስማሙ፤ አልደረሰም፡፡ ሌጎስ አጠገብ የዳንጎቴ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የማምረት አቅም ይዞ በመጋቢት 2022 ተመረቀ፡፡ በግንቦት 2024 ናይሮቢ ላይ በተደረገው ጉባዔ ግን ከማዳበሪያው ጎን የአፈር ጤንነትም በርዕሱ ገባ፡፡ ዘግይቷል፣ ቢሆንም ደግ ነው፡፡

ጉባዔ የማይፈታው ሌላ ሽሚያ አለ፡፡ የኦቾሎኒ ገለባ ማሳው ላይ ቢቀር አፈሩን ይጠቅማል፡፡ ነገር ግን በበጋ መኖ ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል፤ ለአረፋ በዓል በግ የሚያደልቡ ሁሉ ይፈልጉታል፡፡ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ገበሬ ገለባውን አስሮ ወደ ገበያ ይልከዋል፡፡ ፍጉም ከዚያ በኋላ የበጉ ባለቤት ነው፤ ለገበሬው የሚመለሰው ከተገዛ ብቻ ነው፡፡