ውኃ የሚያስገባ ጫማ አለቀ ማለት ነውን?

አሰላን የሚያውቅ ሁሉ ክረምቷን ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ስትሆን፣ ወደ በቆጂ ሲዘለቅ ደግሞ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ረግረግ ነው። በዚህ ወቅት ልጆቻችን ሱብሒ ሰግደው በብርዱ ወደ መድረሳ ይሄዳሉ፤ መደበኛው ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ቁርኣን የሚያስቀራው ያኔ ነውና። ታዲያ ውኃ ባስገባ ጫማ እስከ ረፋድ የተቀመጠ ልጅ ሐርፉን ሳይሆን የደነዘዙ ጣቶቹን ነው የሚያስበው።

እኛ መምህራን ይህን በየዓመቱ እናያለን። ወላጆችን ስናነጋግር የምናገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «መምህር፣ ጫማው አልቋል፤ ሌላ እስክንገዛለት ነው» ይሉናል። ጫማውን ተቀብለን ገልብጠን ስናየው ግን ብዙውን ጊዜ አላለቀም። ሶሉ ደህና ነው፣ ቆዳውም አልተቀደደም። ያለቀው ቅባቱ ነው። አዲስ ከስክስ ወይም ሌላ ጠንካራ የቆዳ ጫማ ስንት እንደሚሸጥ ለሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት (ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ.) በውኃ በተሞላ ምሽግ ውስጥ ለቀናት የቆሙ ወታደሮች ውጊያ ሳይነካቸው እግራቸው እየቆሰለ፣ አንዳንዶቹም እየተቆረጠ ከግንባር ተመልሰዋል። በእኛም አገር ደጋማ ስፍራዎች ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ እንደሚያመጣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት በሽታ ነው። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው፤ ጭቃ የሚያስገባ ጫማ ደግሞ ይህን ሥራ በግማሽ እንኳ አይሠራም።

ቆዳ ለምን ውኃ ያስገባል? ቆዳ ሲታይ አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ እጅግ ቀጫጭን ክሮች እርስ በርሳቸው የተጠላለፉበት ነገር ነው። በሞጆም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ ፋብሪካ ቆዳውን ካለፋ በኋላ ቅባት ያጠጣዋል። ቅባቱ በክሮቹ መካከል ገብቶ ቆዳው ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል፤ ውኃንም ይገፋል። ጭቃ ጫማው ላይ ሲደርቅ ግን አፈሩ ይህን ቅባት እየመጠጠ ይወስደዋል። ዘይት በፈሰሰበት ቦታ ላይ አፈር ወይም አመድ የምንነሰንሰው ለምን እንደሆነ ማስታወስ ነው። ሊስትሮዎች የሚቀቡት ቀለም ጫማውን ያሳምራል፣ ስስ ሽፋንም ይሰጠዋል፤ ይሁንና የጠፋውን ቅባት አይተካም፤ እግር በሚታጠፍበት ቦታ ላይም ወዲያው ይሰነጠቃል።

ከዝናቡ ይልቅ ጫማ የሚገድለው ግን እሳት ነው። የራሰ ጫማ ከምድጃ ዳር ማስቀመጥ በአርሲ ደጋ የማይደረግበት ቤት ጥቂት ነው። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲበዛበት የሚሆነው ሥጋ ድስት ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ነው፤ ይኮማተራል። በእንጨት ልጥ የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይኮማተራል፤ በክሮም የለፋው እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ሊታገሥ ይችላል። ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይለሰልሳል። አንድ ጊዜ የበሰለ ቆዳ ምንም ቅባት ቢቀባ ወደ ነበረበት አይመለስም። ጠዋት እንደ እንጨት ደርቆ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተቀልብሶ የምናገኘው ጫማ ይህ የደረሰበት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ክሩንና የውስጥ መርገጫውን አውጥቶ፣ ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃና በብሩሽ አስለቅቆ፣ ጥቂት ሳሙና ተጠቅሞ በደንብ ማለቅለቅ። ከዚያ ውስጡን ደረቅ ጭድ ሞልቶ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ማስቀመጥ። ጭዱ ሲርስ ይቀየር። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በክረምት ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ጋዜጣም ጥሩ አድርጎ እርጥበት ይመጣል፤ ነገር ግን የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አያ ያለበትን ወረቀት ማንም ሰው ጫማ ውስጥ እንዳይጠቀጥቅ አደራ እንላለን። ይህንን መጽሔት ጨምሮ!

ጫማው ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውኃ ላዩ ላይ ጣል ያድርጉበት። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ቅባቱ ገና አለ፤ ወዲያው ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ቆዳው ተጠምቷል። ከእነዚህ ሁለቱ ያልሆነ፣ ማለትም ውኃውን ባይመጥም ላዩ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከሥሩ ጨርቅ የሚያሳይ ከሆነ፣ ገበያ ላይ ቆዳ ነው ተብሎ የተሸጠ ፕላስቲክ ነውና ቅባቱን አታባክኑበት።

ቅባቱን እቤት ማዘጋጀት ይቻላል። እኛ የምንጠቀመው ሁለት እጅ የቀለጠና የተጠለለ የከብት ሞራ፣ አንድ እጅ የንብ ሰም፣ አንድ እጅ የጉሎ ዘይት ነው። በአውሮፓም ለዘመናት ከሞራ፣ ከዘይትና ከሰም እየተቀላቀለ ለቆዳ ሲያገለግል የኖረ ቅባት አለ። ሰም ለመቅለጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ፣ ሁሉንም በአንድ ጣሳ ጨምሮ ጣሳውን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ማቆም ነው፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ይችላልና ልጆች ብቻቸውን እንዳይሠሩት።

ስለ ሞራው አንድ ነገር መነሳት አለበት። ጃቢር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ መካ በተከፈተችበት ዓመት የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የበክት ሽያጭ ክልክል መሆኑን ሲናገሩ፣ ሰዎች መርከብና ቆዳ ስለሚቀባበት የበክት ሞራ ጠይቀዋቸው እንዳልፈቀዱ ተነግሯል። ክልከላው ሽያጩን ነው ወይስ መጠቀሙንም ጭምር በሚለው ላይ ዑለሞች ቢለያዩም፣ በስርዓቱ የታረደ ከብት ሞራ ከሥጋ ሻጭ በትንሽ ዋጋ እየተገኘ ወደ ውዝግቡ መግባት አያስፈልግም።

የዘይቱም ምርጫ ዋዛ አይደለም። አርሲ የተልባ አገር ነውና እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተልባ ዘይት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ እንደ ቀለም ይደርቃል፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። የኑግ ዘይትም በመጠኑ ይህ ጠባይ አለው። የጉሎ ዘይት ግን እንዲህ አይደርቅም። ቅቤ ውኃ ስላለበት ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። ጋራዥ አካባቢ የሚገኘውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ማስቲሹን የሚያላቅቅና ካልሲ የሚያበላሽ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የሚነፋ ጣሳ ደግሞ ይሠራል፤ ሆኖም ትነቱ ሳንባ ስለሚጎዳ ደጅ ወጥቶ መንፋት ግድ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ፣ ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች ይዘው የቆዩ ናቸው።

ቅባቱ ለብ እንዳለ በጣት እየተሸ ይቀባል። ስፌቱ፣ የምላሱ ዳርና የሚታጠፈው ቦታ ይበልጥ ይፈልጋሉ። አንድ ሌሊት አሳድሮ ትርፉን መጥረግ፣ ከዚያ መድገም። ቆዳው ይጠቁራል፤ ችግር የለውም። ከመጠን በላይ የተቀባ ጫማ ግን ቅርጹን ያጣል፣ እግርም ያልባል። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ጠብታውን መሞከርና ሲያስፈልግ ብቻ መቀባት በቂ ነው።

ቅባት የማይዘጋው በር አለ፤ ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር የሚገናኝበት። ይህ ከተከፈተ ጫማ ሰፊው ዘንድ መሄድ ነው። ሁለቱም ፊቶች ተፍቀው፣ ማስቲሹ በስሱ ተቀብቶ ጥቂት ቆይቶ ካልተጣበቀ አይዝም። ሲሰፋም ክሩ በሰም እንዲታሽ ጠይቁ፤ የወስፌውን ቀዳዳ የሚሞላው ሰሙ ነው።

ይህ ስፌት በዲናችንም ጉዳይ አለው። ቡረይዳ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቁር የሆኑ ሁለት ኹፎች በስጦታ ልከው፣ እሳቸውም አጥልቀዋቸው ዉዱእ ሲያደርጉ በላያቸው ላይ አብሰዋል። በአገራችን በስፋት በሚቀራው የሻፊዒይ መዝሀብ፣ የሚታበስበት ኹፍ ንጹሕ ሊሆን፣ ቁርጭምጭሚትን ሊሸፍን፣ የሚሄዱበት ሊሆንና ውኃ ወደ እግር ሊከለክል ይገባዋል፤ የሚጠለቀውም ሙሉ ጦሃራ ላይ ተሁኖ ነው። ሶሉ ተከፍቶ እግር ከታየበት በዚህ መዝሀብ አይታበስበትም፤ ሐነፊዮች ለትንሽ ቀዳዳ ይቅርታ አላቸው። ዝርዝሩን ከአካባቢያችሁ ዓሊሞች ጠይቁ።

እንግዲህ በቆጂ ላይ በሐምሌ ሱብሒ ውኃ የሚቀዘቅዝበትን ሰው አስቡ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ስፌቱ የያዘ፣ ቅባቱ የተመለሰለት ከስክስ ያለው ሰው በረጠበ እጁ የጫማውን ላይ ብቻ ያብሳል። ለነዋሪ የተፈቀደው አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው ነው። ጊዜው ሲያልቅ ጫማው ይወልቃል፣ እግር ይታጠባል፣ የጣቶቹም መካከል በጨርቅ ይደርቃል፤ ጫማውም ጭዱን ጎርሶ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ያድራል።