አቧራ የሚገባው በጠርዝ ነው

ሐረር አካባቢ ሞተርን ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው ከርቀቱ ይልቅ አቧራው ነው። የአሮጌዋን ከተማ ከከበበው ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ፊቱን ወደ ሐኪም ጋራ ባዞረ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። በበጋ ከገጠር መንገድ የመጣ መኪና ኮፈኑ ሲነሣ ከብረቱ በፊት የሚታየኝ የደቀቀ አፈር ነው። ባለመኪናው አብዛኛውን ጊዜ «ጋሼ፣ ፊልትሮው እኮ አዲስ ነው፤ በቅርቡ ነው የቀየርኩት» ይለኛል። አምነዋለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ሌላ መልስ ነው፤ አዲሱ ፊልትሮ፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው፣ ቦታውን ይዟል ወይ?

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላስረዳ። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 11 ኪሎ ገደማ አየር ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር አንድ ስድስተኛ ያህል ይጎድለዋል። ስለዚህ እዚህ 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ሞተሩ ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይስባል። በዚያ አየር ውስጥ ያለውን አቧራ ማጣሪያው ካልያዘው መሄጃው ሲሊንደር ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። ከዘይት ጋር ተለውሶ የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻውን) እና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስ መትፋት፣ ዳገት ላይ መድከም ይጀምራል። መጨረሻው ሞተር ማውረድ ነው።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ፔጆ 404 ታክሲዎቿን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ይህ መኪና መኪና በአቧራ በሚፈተንበት የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ ወጥቷል። እኛ መካኒኮች ግን በሌላም ነገር እንወደዋለን። ኮፈኑ ሲከፈት ሁለት እጅ እንደ ልብ ይገባል፣ ማጣሪያው ፊት ለፊት ይታያል፣ ክዳኑ መግጠም አለመግጠሙንም ዐይን ይፈርዳል።

ዛሬ ከተማውን የሞሉት ባጃጅና እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ መኪኖች እንዲህ አይደሉም። ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ በጠባብ መንገድ ያልፋሉ፤ የሞተራቸው ቤት ግን አንድ እጅ በቅጡ አያስገባም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች የማጣሪያው ሣጥን ክዳን ከፊት በክሊፕ ይያዛል፤ ከኋላ ደግሞ ጥርሶቹ በታችኛው ሣጥን ቀዳዳዎች ይገባሉ። የኋላው ጠርዝ አይታይም። የቸኮለ ሰው የፊቱን ክሊፕ ቀጭ አድርጎ ኮፈኑን ይዘጋል። ከኋላ አንዱ ጥርስ ካልገባ ክዳኑ በስስ ክፍተት ይቀራል። ጠርዙ የተላቀቀ ወንፊት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዱቄት እንደማይነፋ ሁሉ፣ እንዲህ የተቀመጠ ማጣሪያም የለም ማለት ይቻላል።

እኔ የምገጥመው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ሴንሰር ካለ ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ ክዳኑ በሽቦ እየተጎተተ መነሣት የለበትም። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ማሰሪያ (ፋሸታ) በካቻቢቴ አላላለሁ። ቱቦው ሲላቀቅ ክዳኑ ሳይታገል ይነሣል፤ ጥርስም ክሊፕም አይሰበርም። የቱቦውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ እደፍናለሁ። የታችኛውን ሣጥን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ በአየር መንፋት አቧራውን ወደ ቱቦው መግፋት ነው። ማጣሪያውን ካስቀመጥኩ በኋላ የጎማ ከንፈሩን በጣቴ ዙሪያውን እዳብሳለሁ፤ የተጠቀለለ ወይም የተነሣ ቦታ ካለ ጣት ያውቀዋል። ክዳኑን ስመልስ የኋላውን ጥርሶች አስቀድሜ አስገባለሁ፤ በትንሽ መስተዋትና በባትሪ መብራት አያለሁ፤ ክሊፑን የምዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። የደፈንኩበትን ጨርቅ አውጥቼ ቱቦውን እመልሳለሁ፣ ፋሸታውን አጠብቃለሁ፣ ሶኬቱንም እሰካለሁ።

ቦታው ሲጠብ አንዳንዶች ሣጥኑን ጨርሶ አውጥተው ሾጣጣ ማጣሪያ ቱቦው ጫፍ ላይ ይሰካሉ። ድምፁ ያምራል፣ ሥራውም ያጥራል። ነገር ግን ሞተሩ ከራሱ ሙቀት ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል። አየር በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ይሳሳል። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ለሚወጣ መኪና ዳገቱና ከፍታው ይበቁታል፤ ሌላ ጉድለት አይጨመርበትም። የፋብሪካው ሣጥን የውጩን ቀዝቃዛ አየር ለማምጣት የተሠራ ነው፤ ቢጠብም መልሱት እላለሁ።

ባጃጅ የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ ከኋላ በተሳፋሪው ወንበር ሥር ስለሚገኝ የፊት ጎማው የሚያነሣው አቧራም፣ የኋላ ጎማዎቹ የሚበትኑትም ወደዚያው ይሄዳል። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ ሳልጠመዝዝ ጨምቄ፣ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ዘይት አስነክቼ ትርፉን እጨምቃለሁ። ዘይት የሌለው ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። የወረቀቱን ግን በቤንዚን ማጠብ አይገባም፤ ኮምፕረሰርም አጠገቡ ተደቅኖ ከተነፋበት ወረቀቱ ይቀደዳል። ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ በልብስ ስፌት መኪና የሚሠሩ ሰፊዎች አሉ፤ በጎማውና በማጣሪያው መካከል የሚንጠለጠል የሸራ መጋረጃ አሰፋቸዋለሁ። መጋረጃው የጎማውን አቧራ ይመልሳል፤ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ነፋስ እንዳይጋርድ ግን ልኩን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

አየር ከየት እንደሚወሰድ ለማየት የኢሱዙ የጭነት መኪኖችን አስተውሉ። የአየር መሳቢያው ከጋቢናው ኋላ ወደ ላይ ቆሟል። አቧራ ከመሬት አጠገብ ስለሚበዛ ከፍ ያለ አፍ ንጹሕ አየር ያገኛል። በትንሽ መኪና ይህን ማድረግ ባይቻልም ሐሳቡን መውሰድ ይቻላል፤ የመሳቢያው አፍ ወደ ጎማው እንዳይዞር፣ የተሰበረ የቱቦ ጫፍም ሳይጠገን እንዳይቆይ ማድረግ።

ሥራው በትክክል መሠራቱን ማወቂያ ቀላል መንገድ አለ። ማጣሪያው ከተገጠመ አንድ ሳምንት በኋላ ክዳኑን አንሡና ከማጣሪያው በላይ፣ ወደ ሞተሩ ባለው ንጹሕ በኩል፣ ነጭ ጨርቅ አሹበት። ጨርቁ ከነጣ ማጣሪያው ይሠራል። ከቆሸሸ አዲስ ማጣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ጠርዙን፣ ክሊፑንና የቱቦውን ስንጥቅ ፈልጉ። የጎማ ቱቦው እጥፋት ውስጥ የተሸሸገ ስንጥቅ ቱቦው ሲለጠጥ ብቻ ነው የሚታየው።

የሹፌሮቻችን እንጀራ በዚህ ሞተር ላይ ነው፤ ባጃጁን በብድር የገዛ ወጣት ሞተሩ ሲወርድ ገቢው ቆሞ ዕዳው ይቀጥላል። ስለዚህ ማጣሪያ ስታስቀይሩ የእቃውን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። መካኒኩ ኮፈኑን ከመዝጋቱ በፊት መስተዋትና መብራት ይዞ የኋላውን ጠርዝ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ ደስ ብሎት ያሳያል።