ብስክሌቴን በጥንት ሐረግ እንዴት እንዳስጌጥሁ

ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳማ ስለ ሆነች ለብስክሌት የተመቸች ናት። እኔም ወደ ትምህርት ቤት የምመላለሰው አባቴ ለብዙ ዘመን ወደ ሥራ ሲሄዱበት በኖሩት አሮጌ ብስክሌት ነው። በላዩ የሣልሁትን ጌጥ ያዩ ጓደኞቼ አሠራሩን ደጋግመው ስለ ጠየቁኝ፥ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልስ እንዲሆን ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ነገር ግን ሥራውን ከማስረዳቴ በፊት ስሕተቴን መናገር ይገባኛል።

በመካከለኛው ዘመን የነበሩትን የአውሮፓ ፈረሰኞች ሥዕል በአንድ መጽሐፍ አይቼ ነበር። ፈረሰኛው ጥሩር ለብሶ፥ ፈረሱም እስከ ጕልበቱ በሚወርድ ባለ ቀለም ጨርቅ ተሸፍኖ ሳይ ልቤ ተማረከ። ወዲያው ከቆርቆሮ ጋሻ ቈርጬ ከማኑብሪው ፊት አሰርሁ፤ በኋላው መጫኛ በግራና በቀኝም ቀይ ጨርቅ አንጠለጠልሁ። በሦስተኛው ቀን ታናሽ እኅቴን አፈናጥጬ ስሄድ ጨርቁ በራጂው ተጠምጥሞ ጎማውን ያዘውና ሁለታችንም ወደቅን። እኔ ምንም አልሆንሁም፤ የእኅቴ ክንድ ግን ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ቈየ። አባቴ አልተቈጡኝም። ጨርቁን ፈትተው ሲያበቁ፥ «ይህ ብስክሌት ሃያ ዓመት ተሸክሞኛል፤ አንድ ቀን አልጣለኝም» ብለው ጓዳ አስገብተው ቈለፉበት።

ነገሩን ያቃኑልኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። አንድ ቀን ብራናውን በወስፌ እየወጉ ሲያሰምሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፥ «ለመሆኑ ሐረግ ፊደሉን ሸፍኖ ያውቃልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አያውቅም» አልሁ። «እንግዲያው ያንተም ጌጥ የብስክሌቱን ሥራ አይሸፍን» አሉኝ።

ሐረግ ማለት በብራና መጻሕፍት ውስጥ በገጹ ራስና ዳር የሚሣል፥ እየተጠላለፈ የሚሄድ ጌጥ ነው። ስሙም እየተሳበ ከሚያድገው ተክል የተወሰደ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ በሚገኘው በክብራን ገብርኤል ገዳም የሚታወቀው ወንጌል ከ600 ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈ ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ ገጾቹ ላይ በሐረግ ያጌጡ ዓምዶችና ቅስቶች ይታያሉ። የብስክሌትም ብረት እንደ ዓምድ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ለዚህ ጌጥ ይስማማል። ካርል ድራይስ የተባለው ሰው በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ፥ በእግር መሬት እየተገፋ የሚሄደውን ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ የሠራው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ነው። ስለዚህ ሐረጋችን ከብስክሌት 400 ዓመት ያህል ይቀድማል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ። መጀመሪያ ብረቱን በነጭ ጋዝ ከቅባት አጽድቼ፥ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ከዚያ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቼ አንድ ቀን አሳደርሁት፤ በላዩም ቢጫ የዘይት ቀለም ቀባሁ።

ሁለተኛ፥ አያቴ ብራናውን እንደሚወጉት ሁሉ፥ በክር እየለካሁ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ በእርሳስ ነጥብ አደረግሁ። ከዚያም አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ሁለት የሞገድ መስመሮች በነጥቦቹ ላይ እንዲገናኙ አድርጌ ሣልሁ። ምሥጢሩ ያለው በመገናኛው ላይ ነው፤ በአንደኛው መገናኛ ከላይ ያለፈው መስመር በሚቀጥለው ከሥር ማለፍ አለበት። ከሥር የሚያልፈውን ጥቂት አቋርጦ መተው ይበቃል፤ ዓይን የተጠለፈ ገመድ አድርጎ ያየዋል። አንድ ጊዜ ተራው ከተሳሳተ እስከ መጨረሻው ይበላሻልና ቀለም ከመንካት በፊት በእርሳሱ መመርመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ በቀጭን ብሩሽ አንዱን መስመር ቀይ፥ ሁለተኛውን አረንጓዴ ቀብቼ፥ ዳርዳሩን በጥቍር ከበብሁት። ሲደርቅም ከዝናብ እንዲጠብቀው ቨርኒሽ ደረብሁበት። አያቴ እግርና ጭቃ በሚደርስበት ቦታ አይገባም ስላሉኝ መስቀል አልሣልሁም።

ቀለም ፈጽሞ ያልነካኋቸው ቦታዎች አሉ። የፍሬኑ ላስቲክ የሚይዘው የቸርኬው ጐን ቀለም ከተቀባ ፍሬኑ ያንሸራትታል። ካቴናውና ብሎኖቹም እንዳሉ መቅረት አለባቸው። በስተኋላ ያለው ቀይ አንጸባራቂ በማታ ከመኪና የሚያድን ስለ ሆነ አይሸፈንም። በፔዳሉ ሥር በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥርም ብስክሌቱ ቢሰረቅ መታወቂያ ነውና በግልጽ ይታይ። የሚንጠለጠል ነገርማ ከጎማ አጠገብ ከቶ አይድረስ።

ሥራው ሲያልቅ አባቴ መጥተው ጎማውን አሽከረከሩ፤ ፍሬኑን ያዙ፤ እንደ ገና አሽከረከሩ። ሐረጉን ያዩት ከዚህ በኋላ ነው። «አሁን ብስክሌት ነው» ብለው ቍልፉን ሰጡኝ። እኅቴ ግን ቀዩን ቀለም የመረጠችልኝ እርሷ ብትሆንም፥ እስካሁን ከኋላዬ አልተፈናጠጠችም። እኔም አላስገድዳትም፤ እስክታምነኝ ድረስ ከጐኗ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ እሄዳለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ! ጌጥ መውደድ መልካም ነው። አባቶቻችንም ወደውታል፤ ነገር ግን ፊደሉን ላንባቢው ትተው ሐረጉን በዳር አኖሩት። እናንተም ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት ከኋላችሁ የሚቀመጠውን ሰው አስቡ።