ለመምቻ መፍቻ የሚሆን ቡሶላ አመራረጥ

በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ የመኪናውን ጎማ በገዛ እጁ ለሚፈታ ሰው ውዱን የጋራዥ ስብስብ መግዛት ግድ ባይሆንበትም፣ በሚመታ የመፍቻ ማሽን የሚጠቀም ከሆነ ግን ለእጅ ሥራ የተዘጋጀውን አብረቅራቂ ቡሶላ በማሽኑ ላይ ከማዋል ፈጽሞ ሊታቀብ ይገባዋል፤ የዚህ ብረት ባሕርይ፣ ብዙውን ጊዜ ከክሮምና ከቫናዲየም ተቀይጦ እጅግ የጠነከረ ስለ ሆነ፣ ተደጋጋሚውን ምት መሸከም ተስኖት ሲሰነጠቅ ስባሪው ዓይን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላልና። ከክሮምና ከሞሊብዲነም የሚቀየጠው ጥቁሩና ወፍራሙ ግን ምቱን ታግሦ ይቀበላል። በማሽኑ ላይ የሚሰኩበት ቀዳዳ ግማሽ ኢንች የሆነ፣ ባለ 6 ማዕዘን 17፣ 19 እና 21 ሚሊ ሜትር ቡሶላዎች ለአብዛኛው የቤት መኪና ጎማ ይበቃሉ፤ ባለ 12 ማዕዘኑ የዳዶውን ጠርዝ ስለሚበላ አልመክረውም። ቸርኬው አሉሚኒየም የሆነበት ሰው፣ ወፍራሙ በጠባቡ ቀዳዳ አልገባ እንዳይለው፣ ግድግዳው የሳሳውን ይጠይቅ።