የቆመ መኪና አያርፍም

ከመካኒሳ አንስቶ እስከ ለቡና ጀሞ ድረስ ባሉት ግቢዎችና የኮንዶሚኒየም ማቆሚያዎች ሸራ ለብሶ ወይም አቧራ ጠጥቶ የቆመ የቤት መኪና ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ከቤት ቤት ይለያያል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ወጪውን አስልቶ በታክሲና በአውቶቡስ መሄድን የመረጠ ቤተሰብ አለ። ባል ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር የሚቆይበት፣ ሚስት ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌላት ቤት አለ። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት «እስክመጣ ጠብቁልኝ» ብሎ በአደራ የተወው መኪናም አለ።

እንዲህ ያለው መኪና በአዘቦቱ ቀን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሌሊት ምጥ ሲመጣ፣ ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው፣ ወይም ከዘመድ ቤት ድንገተኛ ስልክ ሲደወል ነው። ያን ጊዜ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጭቅጭቅ ለብዙ ባለትዳሮች አዲስ አይደለም። «መብራት ያላጠፋሽው አንቺ ነሽ»፣ «በሩን በደንብ ያልዘጋኸው አንተ ነህ» ይባባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም። ባትሪውን የጨረሰው መቆሙ ራሱ ነው።

ባትሪው ሳይነዳ ለምን ይወርዳል?

በመኪናችን ውስጥ ያለው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው ዓይነት ልጅ ነው። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ቮልት ያህል ስለሚሰጡ ተደምረው 12 ቮልት ይባላሉ። ይህ ባትሪ ምንም ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ በየወሩ ከያዘው ኃይል ጥቂቱን በራሱ ያጣል። ሙቀት ሲበዛ የሚያጣው ይጨምራል፤ ዕድሜውም ያጥራል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ አየር ከአዋሽና ከድሬዳዋ ይልቅ ለባትሪ ይስማማል። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፤ የባትሪውንም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ በክረምት የደከመ ባትሪ ድካሙ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በበጋው ብርድ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ፍጆታ ግን ከመኪናው ከራሱ የሚመጣ ነው። ቁልፉ ተነቅሎም ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማስታወሻ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና በተለይም የሌባ መከላከያው አላርም ሌት ተቀን ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። በአንድ ጤነኛ መኪና ላይ ይህ ፍጆታ ከ50 ሚሊ አምፔር ባይበልጥ ደግ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን እናስላው። 50 ሚሊ አምፔር በ24 ሰዓት ውስጥ 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። በሳምንት ከ8 ያልፋል። በሦስት ሳምንት 25 ይደርሳል። የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 45 አምፔር ሰዓት ገደማ ከሆነ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። በኋላ ተገዝቶ የተገጠመ አላርም፣ መከታተያ መሣሪያ ወይም ትልቅ ቴፕ ካለ ደግሞ ከዚያም ሊፈጥን ይችላል።

ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲከርም ሌላ ጉዳት ይጨመርበታል። በእርሳሱ ሳህኖች ላይ የሚቀመጠው ጨው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። በዚህ ምክንያት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ባትሪ «ሞቷል» ተብሎ ይጣላል።

አምስት ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል?

በየሰፈሩ የተለመደው መፍትሔ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ አምስት ደቂቃ ግቢ ውስጥ ማሞቅ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሒሳቡ ግን አይሞላም። ማስነሳቱ ራሱ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ወዲያው ይተካል። ችግሩ ያለፈው ሳምንት ፍጆታ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲዞር ዲናሞው ለባትሪው 10 አምፔር ያህል ቢተርፈው እንኳ፣ በአምስት ደቂቃ የሚገባው 1 አምፔር ሰዓት አይሞላም። ይህ ባትሪው በአንድ ቀን ካጣው ያንሳል፤ የሳምንቱ ዕዳ እንዳለ ይቀራል። በዚያ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በጭስ ማውጫውና በዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀመጣል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት ደግሞ ጭሱ ሰው ስለሚገድል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከመካኒሳ ተነስቶ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን በእሁድ ደርሶ መመለስም በቂ ላይሆን ይችላል። መንገዱ ከተዘጋጋ፣ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ከሠራ፣ ዲናሞው ያመነጨውን ብዙውን እዚያው ይበሉታል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ በሳምንት አንድ ቀን በደንብ ይነዳ። ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በተከታታይ የሚነዳበት መንገድ ይመረጥ። ለመካኒሳ ሰው ወደ ቀለበት መንገዱ መውጣት ወይም ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ደርሶ መመለስ ይመቻል። እግረ መንገድ ቤተ ዘመድ ቢጠየቅ፣ ወይም ለሳምንቱ የሚሆን አስቤዛ ቢገዛ ነዳጁ በከንቱ አልተቃጠለም።

2ኛ/ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ ገመዱ ይነቀል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥር 10 በሆነ ቁልፍ የኔጌቲቩን ማሰሪያ (የ«−» ምልክት ያለበትን) ማላላትና ነቅሎ ከባትሪው ራስ ማራቅ ነው። ሲነቀል ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲመለስ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ፖዘቲቩ ሲፈታ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ከባድ ብልጭታ ይፈጥራል። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩ አስቀድሞ ይጻፍ። አላርሙ ስለሚጠፋ መኪናው በተዘጋ ግቢ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

3ኛ/ መብራት የሚደርስበት ቦታ ካለ ቻርጀር ይጠቅማል። ባትሪው ሲሞላ ራሱን የሚቀንሰው ዓይነት ቢገዛ ለወራት ሊሰካ ይችላል። ተራው ቻርጀር ግን ሰው ሊጠብቀው ይገባል። ለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም ከ4 እስከ 5 አምፔር፣ ተስማሚ ነው፤ ባዶ የሆነው አንድ ሌሊት ያህል ይፈጅበታል። አንዳንዱ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ስለማይቀጥል መታየት አለበት። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚወጣው ልጆች በሚተኙበት ክፍልና እሳት ባለበት ማድቤት አይሞላም።

4ኛ/ ይለካ፤ ይጸዳ። አንድ ቴስተር ገዝቶ ቤት ማኖር ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ 12.6 ቮልት ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ 12 ከሆነ ዛሬውኑ ቻርጅ ይፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው ማለት ይቻላል። በባትሪው ራስ ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይጠረጋል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ሳህኖቹ በፈሳሽ መሸፈናቸው ይታይ፤ ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃም፣ ተጨማሪ አሲድም አይጨመርም።

ደክሞ ከተገኘስ?

ከጎረቤት መኪና በገመድ ሲነሳ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደህናው ፖዘቲቭ ይታሰራል። ጥቁሩ በደህናው ኔጌቲቭ ከታሰረ በኋላ ሌላኛው ጫፍ የሚያርፈው በደከመው መኪና ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ባለ ባዶ ብረት ላይ ነው፤ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ እንዲርቅ ይህ ያስፈልጋል። የሰፈሩን ልጆች ጠርቶ ገፍቶ ማስነሳት የሚቻለው በእጅ ማርሽ የሚሄደውን ብቻ ነው። በየመንገዱ የምናያቸው አውቶማቲክ ቪትዞች በግፊት አይነሱም። መኪናው ከተነሳ በኋላም ባትሪው ገና ባዶ ስለሆነ፣ ዲናሞውን ከማድከም በቻርጀር መሙላቱ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙስ?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በርክቷል። ባለቤቶቹ ይህ ጉዳይ እነርሱን የማይመለከት ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን በእነዚህም ውስጥ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። በሩን የሚከፍተውና ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። እርሱ ከወረደ ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ምን መደረግ እንዳለበት ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

ለባለትዳሮች

የመኪና ጉዳይ በብዙ ቤት የባል ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ባል በሌለበት ሌሊት ግን ኮፈኑ በየት እንደሚከፈት፣ የ10 ቁጥር ቁልፉና ገመዱ የት እንደተቀመጡ ማወቅ የሚያስፈልጋት ሚስት ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብራችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ገመዱን ነቅላችሁ መልሱ፤ በቴስተሩ ለኩ፤ ያነበባችሁትን ቁጥርና ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ጻፉ። የሳምንቱን ንጂያ ማን እንደሚያደርግ፣ ሁለታችሁም ካልተመቻችሁ ለማን አደራ እንደምትሰጡ ተስማሙ። የሌላ ሰው መኪና በአደራ የያዛችሁም ባለቤቱ ሳይጠይቃችሁ ቁጥሩን ላኩለት። እንዲህ ከተደረገ በጨለማ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መፈላለግ ይቀራል፤ ቁልፉን የያዘው ማንም ቢሆን መኪናው ይነሳለታል።